ፊቱን ያላዞረው ምድጃ

ስለ ፀሐይ ሊያስተምረን የመጣው ሰውዬ ክፍል ገብቶ መጀመሪያ ያደረገው ነገር መጋረጃ መዝጋት ነው። እውነቴን ነው የምላችሁ። ውጭ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች፤ እሱ "ስላይዱ በደንብ አይታይም" ብሎ መስኮቱን ሁሉ አስጋረደ። ተማሪዎቹም ጨለማ ውስጥ ተቀምጠው ግድግዳ ላይ የፀሐይ ሥዕል ሲያዩ አረፈዱ። እኔ ከኋላ ቆሜ ነበር፤ አልቻልኩም። "የኔ ወንድም፣ ፀሐይዋ እኮ ራሷ በር ላይ ናት፤ ግቢ ብትላት ምን ይልሃል?" አልኩት። ተማሪው በሳቅ ፈረሰ። እሱ ግን ቀልዱ አልገባውም፤ "ጥያቄና መልስ መጨረሻ ላይ ነው" አለኝ።

እኔ የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። ተማሪዎቼ በሌለሁበት "ሬት" ይሉኛል። እንደሚሉኝ አውቃለሁ፣ እነሱም እንደማውቅ ያውቃሉ፣ ተስማምተን እንኖራለን። ሰውዬውን ደግሞ "ፕሮጀክት" ያልኩት እኔ ነኝ፤ በማግስቱ ስሙ ሆኖ ቀረ። አፉን በከፈተ ቁጥር "በዚህ ፕሮጀክት"፣ "በፕሮጀክታችን"፣ "ፕሮጀክቱ እንደሚያሳየው" ነዋ! ለተማሪዎች የፀሐይ ምድጃ መንደፍና መሥራት ሊያሠለጥን የተላከ ሰው ነው። እንቁላል ቀቅሎ የሚያውቅ ግን አልመሰለኝም፤ ስለዚህ ጠየቅኩት። "ባለቤቴ ናት የምታበስለው" አለኝ፣ ደረቱን ነፍቶ። እንግዳ ስለሆነ አንቱ ማለት ነበረብኝ፤ አፌ አልታዘዝ አለኝ እንጂ።

የፀሐይ ምድጃ እኮ ምንም ምሥጢር የለውም። ብርሃኑን በሚያብረቀርቅ ነገር ትሰበስባለህ፣ ጥቁር ድስት ላይ ትጥለዋለህ፣ የገባው ሙቀት እንዳይወጣ በመስታወት ትከድነዋለህ። አለቀ። ይህንን እኔ በአንድ ክፍለ ጊዜ እጨርሰው ነበር፤ እሱ ሳምንት ፈጀበት። "ዲዛይን" የሚለው ደግሞ አንድ ፎቶ አሳይቶ "ይህንን ሥሩ" ማለት ነው፤ እንደ ተገለበጠ ጃንጥላ ያለ ትልቅ ሳህን፣ ውስጡ ፎይል የተለጠፈበት።

"ተማሪው ራሱ ካላሰበበት ምኑን ዲዛይን ሆነ?" አልኩት።

"ሁሉም አንድ ዓይነት ቢሆን ለሪፖርቱ ፎቶ ያምራል" አለኝ።

ይሄ ብቻ ቢሆን ዝም ባልኩ። ድስቶቹን የብር ቀለም አስቀባቸው! ድስት የብር ቀለም ከተቀባ የመጣለትን ብርሃን ወደ መጣበት ይመልሳል፤ ይህንን ስምንተኛ ክፍል እናስተምራለን። ስነግረው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "ጥቁር ድስት ፎቶ ላይ ቆሻሻ ይመስላል።" ኤዲያ! ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ማለት ይሄው ነው። እኛ ደግሞ አነጠፍንለት።

ያነጠፈለት ዳይሬክተሩ ነው። ከዳይሬክተሩ ጋር አብረን ነው የተማርነው፤ ያኔ ፈተና ከኔ ይገለብጥ ነበር፣ አሁን አለቃዬ ነው። መገልበጥ የት እንደሚያደርስ ማየት ለሚፈልግ ቢሮው ክፍት ነው። ሰልፍ ላይ ወጥቶ፣ ማይኩን ሦስቴ በጥፍሩ መትቶ፣ ታላቁን የምስራች አበሰረ፦ ሥልጠናው ሲያልቅ ኤግዚቢሽን ይኖራል፣ የክብር እንግዳ ይመጣል፣ አንደኛ ለወጣ ምድጃ ሠሪ በቴክኒክ ኮሌጁ አንድ ቦታ ይሰጣል፤ ክፍያ የለ፣ ማደሪያና ምግብ ከነሙሉው። ተማሪው አጨበጨበ። እኔ ግን ዓይኔን ከአንዷ ላይ አላነሳሁም።

እሷም የወንድሜ ልጅ ናት።

አባቷ ገና ዳዴ ስትል "ችካል" አላት፤ አንዴ ከተተከለች ነቅሎ የሚያነሳት ስላልነበረ። ቤት አክስቴ ትለኛለች፣ ትምህርት ቤት ቲቸር። ዘመዷ ነሽ፣ ታዳያለሽ እንዳልባል ከሌላው ልጅ ሁሉ እሷን ነው የማጠብቃት። ሌላው ግማሽ ልክ ሲሠራ "ደህና" እላለሁ፣ እሷ ሙሉ ልክ ስትሠራ "ጽሑፍሽ ይዘባርቃል"። አንድ ቀን እንኳ አመስግኛት አላውቅም። ትችለዋለች ብዬ ነው። ደግሞም ትችለዋለች።

ችካል የጃንጥላውን ፎቶ አይታ እጇን አወጣች። "ንፋስ ሲመጣ ይገለበጣል። ደግሞ ክዳን ስለሌለው ሙቀቱ ይሄዳል። እኔ ሣጥን ብሠራስ?" አለች።

"ከፕሮጀክቱ ዲዛይን ውጪ ነው" አላት ፕሮጀክት።

"ይከለከላል?"

ዶሴውን አገላበጠ። የሚከለክል ነገር አላገኘም። "አይበረታታም" አለ።

አልተበረታታችም፣ ሠራች። ከተጣለ የመምህራን ጠረጴዛ ሁለት መሳቢያ አውጥታ፣ ትንሹን በትልቁ ውስጥ አስገባች። በሁለቱ መካከል ያለውን ክፍተት ሙቀት በሚይዝ ነገር መሙላት ነበረባት፤ ለዚያ ቁርጥራጭ ጨርቅ ፈለገች። ቁርጥራጭ ጨርቅ ደግሞ ያለው አባቷ ሱቅ ነው። ብቻዋን ብትሄድ እንደሚመልሳት ስለማውቅ ተከትያት ሄድኩ።

ወንድሜ ጨርቅ ነጋዴ ነው። ታናሼ ነው፣ እትዬ ይለኛል፣ ከዚያ ወዲያ የሚያከብረው ነገር የለም። ሱቁ ጠባብና ረዥም ነው። በሩ አካባቢ አዳዲሱ ጣቃ ይደረደራል፤ ወደ ውስጥ በገባችሁ ቁጥር የጨርቁ ዕድሜ ይጨምራል፤ መጨረሻ ላይ አምፖሉ ሥር ቀለሙ የለቀቀው ተቆልሏል። አምፖሉ ቢጫ ነው፤ ቢጫ የሆነውም ተመርጦ ነው። ጨርቅ የሚያውቅ ገዢ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት የጣቃውን ጫፍ ይዞ ወደ በር ይወጣል፤ ጨርቅ በፀሐይ ነው የሚታየው። ወንድሜ ደግሞ ዕድሜውን የፈጀው ገዢን ከዚያ በር በማራቅ ነው። ውጭ አቧራ ነው ይላል፣ መንገደኛ ይነካዋል ይላል፣ አምፖሉን እያሳየ "ይሄ እኮ ከፀሐይ ይበልጣል" ይላል። የአንድ እናት ልጆች መሆናችንን ሳስብ አንዳንዴ እናቴን መጠየቅ ያምረኛል።

የዚያን ዕለት አንዲት ሴትዮ አምፖሉ ሥር ቆማ ሰማያዊ ጨርቅ ትዳስሳለች። "እስቲ ወደ ውጭ አውጡልኝና ልየው" አለች። ወንድሜ "እመቤቴ፣ ውጭማ አቧራው..." ብሎ ሳይጨርስ፣ ችካል ጣቃውን ከነሙሉው ተሸክማ በር ላይ ዘረጋችው። በፀሐይ ሲታይ ሰማያዊው በአንድ ወገን አመድ ሆኗል። ሴትዮዋ ጨርቁን አየች፣ ወንድሜን አየች፣ ሄደች።

"አንቺ ልጅ፣ ከማን ጋር ነሽ?" ብሎ ጮኸ።

"አውጡልኝ አሉ፣ አባዬ። አወጣሁላቸው።"

"አውጡልኝ አሉ! እሳት ውስጥ ጨምሩልኝ ቢሉሽስ?" ወደኔ ዞረ። "ይሄ ያንቺ ትምህርት ነው፣ እትዬ። ግድ የለም፣ ሱቅ ስትገባ ትታረማለች።"

"የምን ሱቅ?" አልኩ።

ያኔ ነው የነገረን። ዓመቱ ሲያልቅ ችካል ትምህርት አቁማ ሱቅ ትገባለች። ሌላ ልጅ የለውም፣ ቅጥረኛ ሁሉ ይሰርቀዋል። ሌባን ሌባ ሲሰርቀው እንዴት እንደሚያንገበግበው እሱን ያየ ያውቃል። ስለ ኮሌጁ ቦታ ነገርኩት። ሳቀብኝ። "ፀሐይ ላይ ድንች ለማብሰል ኮሌጅ? ፀሐይማ በነፃ ናት!" ከዚያ እኔ ስጦዝ አይቶ ለዘበ። "እሺ፣ ካሸነፈች ትሂድ፤ የምከፍለው ነገር የለም። ካላሸነፈች ሱቅ ናት። ሌላ ወሬ የለም።" ልጅቷን "ሰማሽ?" አላት። "ሰማሁ" አለች፣ ቁርጥራጩን በከረጢት እየጠቀጠቀች።

የመጀመሪያው ሙከራ ውርደት ነበር። ጨርቁ እርጥበት ይዞ ኖሮ ሣጥኑ ሲሞቅ ተነነ፤ የላዩ መስታወት በላብ ተሸፈነ፤ ውስጡ ያለው ድንች እንደገባ ወጣ። "ምድጃ አይደለም፣ ገላ መታጠቢያ ነው የሠራሽው" አልኳት። ፕሮጀክት ደስ አለው፤ ሁለቴ ፎቶ አነሳው። እሷ ጨርቁን አንድ በአንድ አውጥታ ገመድ ላይ አሰጣች፣ እንጨቱን ፀሐይ አስመታች፣ እንደገና ጠቀጠቀች። ድስቷን በጥላሸት ጥቁር አደረገችው። ብርሃኑን ወደ ውስጥ የሚመልሰው ክዳን ላይ ፎይል ለጥፋ ነበር፤ ፎይሉ ተጨማደደ። ያኔ የቁም ሣጥኔን መስታወት ነቅዬ ሰጠኋት። "ፊቴን አይቼ የማገኘው ነገር የለም፣ ውሰጂው" አልኳት። ልታመሰግነኝ አፏን ስትከፍት "እንዳትሰብሪው ብቻ" ብዬ ዘጋሁት።

በሌላ ቀን አንድ ድንች ሰጠችኝ፣ እጄ ላይ የሚያቃጥል። በላሁት። በስሏል፤ ከመሃሉ በቀር።

"መሃሉ ድንጋይ ድንጋይ ይላል" አልኳት።

"የክዳኑ አዘነባበል ነው፣ አስተካክለዋለሁ" አለች። አላለቀሰችም፤ ይህች ልጅ አታለቅስም።

ጃንጥላዎቹስ? ንፋስ ሲነሳ ተያይዘው ግቢውን ዞሩ። የብር ድስቶቹ ቢጣዱም ውሃቸው ለብ ከማለት አላለፈም። ፕሮጀክት ግን አልተጨነቀም፤ የማይጨነቅ ሰው ደግሞ አንድ ነገር አዘጋጅቷል ማለት ነው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

የኤግዚቢሽኑ ዕለት ጠዋት ግቢው ታጠበ። ለክብር እንግዳው ድንኳን ተተከለ፣ ድንኳኑ ሥር ምንጣፍ፣ ምንጣፉ ላይ ትልልቅ ወንበር፣ ወንበሩ ፊት አበባ፣ አበባው አጠገብ ታላላቅ ድምፅ ማጉያ። ምድጃዎቹ ከፊት ለፊት ሜዳው ላይ ተደረደሩ። ማንም ያላሰበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ፀሐይዋ የምትመጣው ከድንኳኑ ጀርባ ነው። ስለዚህ ፀሐይን የሚያይ ምድጃ ሁሉ ድንኳኑን ያያል።

እንግዳው መጡ፣ ተጨበጨበ፣ ተቀመጡ። ወዲያው ዓይናቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። ያ ሁሉ ፎይል፣ ከሁሉም በላይ የኔ የቁም ሣጥን መስታወት፣ ፊታቸው ላይ ይነድዳል። አጠገባቸው የተቀመጡትም የፕሮግራሙን ወረቀት ግንባራቸው ላይ ደፉት። እስቲ ፍረዱ፤ እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? ወንበሩን ታነሳላችሁ። አምስት ሰው ይበቃዋል። ከእንግዳው ጋር የመጣው የፕሮቶኮል ሰውዬ ግን በነጭ ጫማው እየተንደረደረ መጣና ለፕሮጀክት "ምድጃዎቹ ይዙሩ" አለው። ፕሮጀክት አላቅማማም። "አዙሩ!" ብሎ ጮኸ። የፀሐይ ምድጃ፣ የፀሐይ ምድጃ ኤግዚቢሽን ላይ፣ ፀሐይን በጀርባው እንዲያይ ታዘዘ! በዕድሜዬ ብዙ ጅል አይቻለሁ፤ እንደዚህ በአንድ ድምፅ የተስማማ ጅል ግን አላየሁም። ልጆቹ አዞሩ። ምን ያድርጉ፣ የተማሩት መታዘዝ ነው።

ችካል አላዞረችም። ሣጥኗ አጠገብ ቁጢጥ ብላ ቀረች።

ዳይሬክተሩ ክንዴን ይዞ ወደ ጎን ወሰደኝ። ያልበዋል። "ስሚኝ፣ አንቺን ብቻ ነው የምትሰማው። አዙሪው በያት። ዳኞቹ የኔ ሰዎች ናቸው፤ ካዞረች ቦታው የሷ ነው። በሞቴ! ካላዞረች ግን ከኔ ምን ትጠብቂያለሽ?"

"ካዞረችው ድንቹ በምን ይበስላል?"

ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ከመመገቢያ ክፍል የተቀቀለ ይመጣል። ፕሮጀክት ባካፕ ይለዋል፣ መጠባበቂያ መሆኑ ነው።"

ልተፋበት ፈልጌ ነበር። ግን ዋጥኩት። ምክንያቱም ማለት የምፈልገውን ሁሉ ብል፣ ስድቡ ለኔ ደስታ ነው፣ ሱቁ ለልጅቷ ነው። ያ ቢጫ አምፖል ታየኝ። ያቺን የመሰለች ልጅ አምፖሉ ሥር ቆማ "ውጭ አቧራ ነው" ስትል ታየኝ። አንድ ድንች ነው፤ አንድ ጊዜ ነው፤ ከዚያ ኮሌጅ ናት። እንደዚህ እያልኩ ሄድኩና አጠገቧ ተንበረከክሁ፣ የተባልኩትንም ሳልቀንስ ሳልጨምር ነገርኳት። ካዞርሽ ቦታው ያንቺ ነው፤ ድንቹ ከመመገቢያ ክፍል ይመጣል። ካላዞርሽ ሱቅ።

"አክስቴ፣ አንቺ ምን ትያለሽ?" አለችኝ። ትምህርት ቤት ውስጥ አክስቴ ስትለኝ የመጀመሪያዋ ነው።

"እኔ አላውቅም" አልኳት። ሞቼ ነው ያልኩት።

በመስታወቱ ውስጥ ድስቱን አየችው። "ሊበስል ትንሽ ነው የቀረው" አለች። "አሁን ባዞረው መሃሉ ድንጋይ ይሆናል።"

የፕሮቶኮሉ ሰውዬ የጠረጴዛ ልብስ ይዞ መጥቶ መስታወቱ ላይ ጣለበት። እሷ አነሳችው፣ አጣጥፋ መለሰችለት። ደግሞ ጣለ። ደግሞ አነሳች። ለሦስተኛ ጊዜ ሊጥል ሲያጎነብስ "ይሄን ጨርቅ እሳት ካላስያዝከው እጅህን አትሰበስብም?" ብዬ ጮህኩበት፤ እውነትም መስታወቱ ላይ የነበረው ጫፍ ይፋጅ ነበር። ደንግጦ ሄደ። እንግዳው ወንበራቸውን ራሳቸው ትንሽ ፈቀቅ አደረጉና ጉዳዩ አለቀ። ሁለት እርምጃ ነበረች የምትበቃው! ይህንን ያየ ሰው ሌሎቹን ምድጃዎች ይመልሳል ብላችሁ ነበር? ማንም አልመለሰም። ትዕዛዝ መጥቶ ነበር፣ የሚሽር ትዕዛዝ አልመጣም።

ከንግግሮቹ በኋላ ዳኞቹ ዞሩ። ፀሐይ ጀርባውን ከሚመታው ጃንጥላ፣ ከብር ድስት፣ ትኩስ ድንች ብቅ ይላል። ዳኞቹ ጎረሱ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ "የሚገርም ነው!" አሉ። አዎ፣ የሚገርም ነው። አንደኛው ልጅ ድንቹን ሲያወጣ አንገቱን ደፍቶ ነበር፤ ዓይኔን ሲያይ ጆሮው ቀላ። ችካል ዘንድ ሲደርሱ ክዳኑን እንኳ አላስከፈቱም። የዳኞቹ ሰብሳቢ "መመሪያ አለማክበር" አለ፣ ሌሎቹም መመሪያ እንዳልተከበረ ተስማሙ። ቦታው አንገቱን ለደፋው ልጅ ተሰጠ። ምስኪን፣ ሽልማቱን ሲቀበል ቀብር የሄደ ይመስል ነበር።

ወንድሜ ያኔ ነው የደረሰው። ሱቁን ቆልፎ፣ ሜትሩ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ፣ ልጁን ተሸናፊ አድርጎ ሊወስድ። ጥርሱ ሁሉ ስቆ ነው የገባው። ወላጆችን ሰላም እያለ፣ ግማሾቹ ደንበኞቹ ናቸው፣ ምድጃዎቹን ከዳር እስከ ዳር ቃኘና የልጁ ሣጥን ጋ ቆመ።

"ለምንድነው ያንቺ ብቻ ወዲያ የዞረው?"

"ፀሐይዋ ወዲያ ስለሆነች።"

"የነሱስ?"

"እንግዳውን ዓይናቸውን ወጋቸው ተብሎ ዞረ።"

"ታዲያ ድንቹ በምን በሰለ?"

ችካል በአገጯ ወደ መመገቢያ ክፍሉ አመለከተችው።

ወንድሜ ዞሮ መመገቢያ ክፍሉን አየ። ከዚያ ሳቀ፤ ሆዱን ይዞ፣ እንባው እስኪፈስ። ሰው ሁሉ ዞረ። ዳይሬክተሩ ፈገግ እያለ ሊያረጋጋው ቀረበ። ወንድሜ ትከሻውን መታ መታ አደረገው።

"ዳይሬክተር፣ እኔ ጨርቅ ስሸጥ ነው ያረጀሁት" አለው፣ ድምፁን ሳይቀንስ። "ዕቃውን ፀሐይ ላይ ማውጣት የሚፈራ ሰው እጁ ላይ ምን እንዳለ አውቃለሁ። ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ግን እኔ እንኳ፣ እኔ! ፀሐይን አዙሩልኝ ብዬ አላውቅም።"

ዳይሬክተሩ ፈገግታው ፊቱ ላይ ደረቀ። ከወላጆቹ መሃል ያቺ የሰማያዊው ጨርቅ ሴትዮ አጠገቧ ላለችው አንድ ነገር ሹክ አለቻት። እባብ ለእባብ ይተያያል ካብ ለካብ ይባላል፤ ወንድሜ ሌላውን ሲያጋልጥ ራሱንም አጋለጠ፣ አልታወቀውም። ወይም ታውቆት ግድ አልሰጠውም። እስከ ዛሬ አልጠየቅኩትም።

ልጁን አፍጥጦ አያት። "አዙሪ ብለውሽ ነበር?"

"አዎ።"

"ብታዞሪ ቦታው ያንቺ ነበር?"

"አዎ።"

"ካላዞርሽ ሱቅ እንደሆነ ታውቂያለሽ። እኔው ነኝ የነገርኩሽ።"

"አውቃለሁ።"

"እና አላዞርሽም።"

"ድንቹ አልበሰለም ነበር፣ አባዬ።"

ወንድሜ ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ መጠቅለል ጀመረ። ደንበኛ ሲያመልጠው እንደዚህ ነው የሚያደርገው። ቀስ ብሎ፣ ጠበቅ አድርጎ ጠቅልሎ ኪሱ ከተተው። ከዚያ ወደኔ ዞረ።

"እትዬ፣ ይቺ ልጅ ለሱቅ አትሆነኝም።"

"ምን?"

"አትታረምም! አላየሻትም? ያንን ሁሉ ሰው ፊት አቁማ እምቢ ያለች፣ ለኔ ትመለሳለች? ጠዋት በሩን ከፍታ ያለኝን ጣቃ ሁሉ ፀሐይ ላይ ትዘረጋዋለች። በዓመቱ ሱቄን እዘጋለሁ።" እጁን አወራጨ፣ የሆነ ነገር ከላዩ እንደሚያራግፍ። "ኮሌጁን እኔው እከፍላለሁ። ከክስረት ይሻለኛል።" ይህንን ብሎ፣ ልጁን ሳይስም፣ እኔን ሳይሰናበት፣ በመጣበት ሄደ። በሩ ጋ ሲደርስ ግን ዞር ብሎ ሣጥኑን አየው።

ችካል እንደ ተተከለች ቀረች። "አክስቴ፣ አሁን ሰደበኝ ነው መረቀኝ?"

"አባትሽ መመረቅ አይችልበትም" አልኳት። "ሲሰድብ ተሳስቶ ነው የመረቀሽ።"

ድንኳኑ ሥር መጠጥ ይታደላል። ፕሮጀክት ልጆቹን ከጃንጥላዎቹ ጋር አሰልፎ ፎቶ ያነሳል፤ ብርሃኑ ከኋላ ስለመጣበት "ፊታችሁ ጠቆረብኝ" እያለ ይነጫነጫል። ማንም ወደኛ አይመለከትም። ይመስገን።

"ክፈቺውና አንዱን ስጪኝ" አልኳት።

ክዳኑን አነሳችው። እንፋሎቱ ፊታችንን መታን። ከጥላሸቱ ድስት ትልቁን አውጥታ ከእጅ ወደ እጅ እያገላበጠች ሰጠችኝ። ለሁለት ፈለጥኩት። መሃሉን ነው ያየሁት፣ መጀመሪያ መሃሉን። ከዚያ ጎረስኩ፣ ምላሴ ተቃጠለ፣ ዋጥኩት። እሷ አፌን ታያለች። ዕድሜዋን ሙሉ አፌን ስታይ ነው የኖረችው።

"በስሏል" አልኳት።

ቦታውን ስትቀማ ያላለቀሰች ልጅ፣ አባቷ ሱቅ ትገቢያለሽ ሲላት ያላለቀሰች ልጅ፣ እዚያው ሣጥኗ ላይ ተደፍታ ተንሰቀሰቀች። ጀርባዋን መዳበስ እንዴት እንደሚጀመር እንኳ አላውቅበትም፤ እጄ አየር ላይ ቀረ። በኋላ ትከሻዋ ላይ አሳረፍኩት።

"ምን ያስለቅስሻል" አልኳት፣ "ይልቅ ሂጂና ጨው አምጪ።"